ከፈረስ መጋላ እስከ ድሬዳዋ ቁልቁለት፦ "የዝይ አንገት" ተሳቢ ማያያዣ እንዴት ይሠራል? የትስ ይገጠማል?



የአሜሪካ በያጆች ክፍት ካሶኒ ባለው መኪና መሃል ላይ አንዲት የብረት ኳስ ተክለው ግዙፍ ተሳቢ ሲጎትቱ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ብረት ቁረጥ፣ በይድ፣ ኳሱን አስገባ፣ በቃ! ከሐረር ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድ መኪና ግን የኳሱ ቦታና አገጣጠሙ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዛሬ ከስሙ ጀምረን እስከ መጨረሻው ብሎን አብረን እናየዋለን። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

1. ምንድን ነው?

ጉዝኔክ ማለት የዝይ አንገት ማለት ነው። የተሳቢው ፊት እንደ ዝይ አንገት ወደ ላይ ተነስቶ፣ በካሶኒው በላይ አልፎ፣ ቁልቁል ወርዶ ኳሱ ላይ ይቀመጣል። ከመኪናው ኋላ ከሚታሰረው ከተለመደው ጋንቾ የሚለየው በዚህ ነው። ጋንቾ ከኋላ ይጎትታል፤ የዝይ አንገት ግን ሸክሙን መኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ኳስ ስፋቱ 58.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እኛ አገር የኳሱ ዓይነት ብዙ አይታይም። ዘመዶቹ ግን ሞልተዋል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ከፊል ተሳቢዎች "ኪንግ ፒን" የሚባል ወፍራም ፒን አላቸው፤ የተለመደው 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኑ መኪናው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ክብ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ኤክስካቫተርና ዶዘር የሚጭነው ሎቤድም አንገቱን ቀና አድርጎ መኪናው ላይ የሚጋደም ነው፤ እሱን ያየ የዝይ አንገትን ቅርጽ አይቷል።

ያ ክብ መቀመጫ በእንግሊዝኛ "አምስተኛ ጎማ" ይባላል። ስሙ የመጣው ከፈረስ ሠረገላ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ እንዲታጠፉ ከሥር በአግድም የሚገጠመው ክብ ብረት እንደ አምስተኛ ጎማ ይቆጠር ነበር። ፈረስ መጋላ በሐረሪ ቋንቋ የፈረስ ገበያ ማለት ስለሆነ፣ ነገሩን በፈረስ ማስረዳቱ እዚህ ያምርበታል።

2. ዋናው ቁም ነገር፦ ክብደቱ የት ያርፋል?

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አስቡ። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ወደ ፊት ከበዛ ፈረሱን ይጫነዋል። ልምድ ያለው ባለ ጋሪ ጭነቱን አክሱ አካባቢ የሚያመዛዝነው ለዚህ ነው። መኪናም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በቁጥር እንየው። በፊትና በኋላ አክስ መካከል 3.5 ሜትር ርቀት ያለው መኪና አለን እንበል። ተሳቢው ማያያዣው ላይ 700 ኪሎ ያሳርፋል።

▪ ማያያዣው ከኋላ አክስ 1 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነ፦ የኋላ አክስ 900 ኪሎ ይሸከማል፣ ከፊት አክስ ላይ ደግሞ 200 ኪሎ ይነሳል። የፊት ጎማ ቀለለ ማለት መሪም ፍሬንም ደከመ ማለት ነው።
▪ ኳሱ ከኋላ አክስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሆነ፦ የኋላ አክስ 680 ኪሎ፣ የፊት አክስ 20 ኪሎ ይካፈላሉ። የፊት ጎማ መሬቱን እንደያዘ ይቀራል።

ያው መኪና፣ ያው ጭነት ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ ይሄ ነው፦ ኳሱ በኋላ አክስ ትክክል ወይም ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፤ ከአክሱ ኋላ በፍጹም አይሁን።

ሌላም ጥቅም አለው። ከኋላ የታሰረ ተሳቢ በንፋስ ወይም በድንገተኛ መሪ ሲወዛወዝ የመኪናውን ጭራ ወደ ጎን ይገፋል። ኳሱ አክሱ ላይ ሲሆን ግን የሚገፋበት ክንድ ስለሌለው መወዛወዙ በጣም ይቀንሳል።

3. መኪናው ይችለዋል ወይ?

ከብየዳ በፊት ሂሳብ ይቀድማል። በዝይ አንገት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶው መኪናው ላይ ያርፋል። 4,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ በ20 በመቶ 800 ኪሎ ያሳርፋል ማለት ነው። ይህ 800 ኪሎ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ካሶኒው ላይ ሌላ ጭነት ካለ፣ እሱም ይደመራል።

ሦስት ቁጥር ይፈለጋል፦ መኪናው ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ክብደት፣ የኋላ አክሱ አቅም፣ እና አምራቹ እንዲጎትት የፈቀደው መጠን። "አይሱዙ እኮ ምንም ይችላል" የሚባለው ቁጥር አይደለም። ባሌስትራ መጨመርም የአክሱን፣ የጎማውንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም።

4. አሠራርና አገጣጠም

▪ ኳሱና መያዣው። ኳሱን ቶርኖ ቤት አታስቀርጹ። የሚችለው ክብደት የተጻፈበት፣ ተፈትኖ የወጣ ኳስና ከእሱ ልክ ጋር የሚገጥም መያዣ ይገዛል። ትንሽ ኳስ ላይ ትልቅ መያዣ ማስቀመጥ ጉድጓድ ሲመታ እንዲዘል መፍቀድ ነው።

▪ ካሶኒው ላይ አይታሰርም። በጣም የሚደጋገመው ስህተት ይሄ ነው። የካሶኒው ላሜራና እንጨት ጭነት እንዲሸከሙ እንጂ እንዲጎተቱ አልተሠሩም። ኳሱ ወፍራም የመሃል ብረት ላይ ይቀመጣል፤ የመሃሉ ብረት በሁለት አግድም ምሰሶዎች ላይ፤ ምሰሶዎቹ ደግሞ በጎን ብረቶች አማካይነት ከሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ጋር በብሎን ይያያዛሉ። ካሶኒው የሚበሳው ኳሱ እንዲያልፍ ብቻ ነው። የብረቶቹ ውፍረት በዓይን ግምት አይወሰንም፤ ወይ የተፈተነ ዝግጁ ዕቃ ይገዛል፣ ወይ መሐንዲስ አስልቶ ይሰጣል።

▪ ሻንሲ ላይ አትበይዱ። የብዙ ጭነት መኪናዎች ሻንሲ ጠንካራ ብረት ነው፤ የብየዳ ሙቀት ያንን ጥንካሬ ሊያጠፋው ይችላል። ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፤ ከወራት በኋላ በብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። ብሎን የሚገባው በሻንሲው ቋሚ ጎን ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር መብሳት አይፈቀድም፤ ከፍተኛውን መወጠር የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

▪ ብሎኑን አንብቡ። ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር አለ። 10.9 ከ8.8 ይጠነክራል። ቁጥር የሌለው ብሎን እዚህ ቦታ የለውም። ዳዶው ከብሎኑ ጋር እኩል ደረጃ ያለው ይሁን፣ ሮንዴላ ይግባበት፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች እንደጨረሳችሁ ተመልሳችሁ ፈትሹት።

▪ ከመብሳታችሁ በፊት ከሥር እዩ። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ በሻንሲው ጎን ነው የሚያልፉት። ሌላውን ክፍል የምትበይዱት መኪናው ላይ ሆኖ ከሆነ ባትሪው ይነቀል፤ የኮምፒውተር ክፍሎችን በተመለከተ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ።

▪ መታጠፊያ ክፍተት። ተሳቢው ሲታጠፍ የፊት ጥጉ ወደ ጋቢናው ይዞራል። ተሳቢው 2.5 ሜትር ስፋት ካለውና ከኳሱ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ከወጣ፣ ጥጉ ከኳሱ 1 ሜትር ከ35 ሴንቲ ይርቃል። ከኳሱ እስከ ጋቢናው ያለው ርቀት ከዚህ ካነሰ አንድ ቀን የጋቢናው መስታወት ይረግፋል። ከስፖንዳው በላይም በቂ ክፍተት ይተው፤ ዳገትና ቁልቁለት ሲገናኙ ተሳቢው ጎንበስ ይላል።

▪ ሰንሰለት። ሁለት የደህንነት ሰንሰለቶች ያስፈልጋሉ። የሚታሰሩት ኳሱ ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ነው። ኳሱ ቢነቀል ሰንሰለቱ አብሮት መሄድ የለበትም!

5. ፍሬን፦ ቁልቁለቱ የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው

ከሐረር በአወዳይ፣ በሐረማያና በደንገጎ አድርጎ ድሬዳዋ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የለም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ሳይነካ የቀረው ወደዚህ ተራራ ሐዲድ ማውጣቱ ከባድና ውድ ስለሆነ ነው። የሐረር ዕቃ ከዚያ ወዲህ በእንስሳ፣ በኋላም በመኪና ነው የወጣ የወረደው።

ተሳቢን ጨምሮ 10 ቶን የሆነ መኪና 700 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ስንት መሰላችሁ? አንድ በርሜል (200 ሊትር) ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ንፋሱ ያልያዙት በሙሉ ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ ተረግጦም መኪናው ይሄዳል።

ስለዚህ፦

▪ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው። የመኪናው ፍሬን የተሠራው ለመኪናው ነው።
▪ ዓይነቱ ይግጠም። ትልልቆቹ ተሳቢዎች የሚጠቀሙት የንፋስ ፍሬን ነው፤ በአውሮፓ ሥርዓት ቀዩ ቱቦ ንፋስ ያቀብላል፣ ቢጫው ትእዛዝ ያስተላልፋል። ቀዩ ቢበጠስ ተሳቢው ራሱን ይይዛል። ትንንሾቹ አይሱዙዎች ግን ፍሬናቸው የዘይት ስለሆነ የንፋስ ተሳቢ ዝም ብሎ አይሰካባቸውም። ለእነሱ የኤሌክትሪክ ፍሬንና ጋቢና ውስጥ የሚገጠም መቆጣጠሪያ አንዱ መፍትሔ ነው።
▪ ተሳቢው ቢላቀቅ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርግ ማስለቀቂያ ሽቦና የራሱ ባትሪ ይግጠሙለት።
▪ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀነስ። በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፤ ነፍስ ነው የሚያስከፍለው።

6. ጀጎል ውስጥስ?

ተሳቢ ሲታጠፍ መኪናው ባለፈበት አያልፍም፤ ጥጉን ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የዝይ አንገት ደግሞ ከጋንቾ ይበልጥ ይቆርጣል። በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ የሚደርሰው መንገድ መኪና ያስገባል፤ ከአደባባዩ የሚነሱት ጠባብ መንገዶች ግን ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። እንደ መኪና ግርግር ባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር "መኪናው" ራሱ የስፌት መኪና ነው! ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ የተቦረቦረ የግንብ ጥግ ተራ ጉዳት አይደለም። ምክራችን አጭር ነው፦ ተሳቢው ከግንቡ ውጭ ይቁም፣ ዕቃው በትንሽ መኪና ይግባ።

7. ሕጉ

የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራ ነው። መኪናችሁ ላይ ይህን ያህል ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ቦሎ ጋ ሲደረስ "ማን ፈቀደልህ?" ከመባል፣ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ለመድን ድርጅታችሁም አሳውቁ፤ መንጃ ፈቃዳችሁ ተሳቢ መጎተትን የሚያካትት መሆኑንም አረጋግጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ይህችን እዩ

✔ መያዣው ኳሱን ውጦ ተቆልፏል፤ የቁልፉ ፒን ገብቷል
✔ ተሳቢውን በክሪኩ ትንሽ ስታነሱት መያዣው ከኳሱ አይለቅም
✔ ሁለቱም ሰንሰለቶች ታስረዋል፣ መሬት አይነኩም
✔ ማስለቀቂያው ሽቦ ከመኪናው ጋር ተያይዟል
✔ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና የኋላ መብራት ይሠራሉ
✔ በዝግታ ነድታችሁ የተሳቢው ፍሬን ብቻውን እንደሚይዝ ሞክራችኋል
✔ የጎማ ንፋስና ዳዶዎች ታይተዋል

ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ መኪናው አይነሳም። ጋራዥ ለሚሠራ፣ ብየዳ ለሚማርና ጭነት ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም መንገድ!