ከኦሞ እስከ ኤልበ፤ መርከበኞቻችን በሰሜን ባሕር

ኦሞ ባሕር አይደርስም። የወላይታን ምዕራባዊ ወሰን ተከትሎ፣ ኪንዶ ዲዳዬን ከዳውሮ ለይቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ከሐይቁ ወዲያ መውጫ የለውም። ስሙ ግን ውቅያኖስ ተሻግሯል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት መርከቦቹን በአገሪቱ ወንዞች ስም በጠራበት ዘመን «ዓባይ ወንዝ»፣ «ተከዜ»፣ «ኦሞ ወንዝ»፣ ኋላም «ሸበሌ» እና «ጊቤ» ብሎ ሰየማቸው። የወላይታ ገበሬ ከብት የሚያጠጣበት ወንዝ ስም በመርከብ አፍንጫ ላይ ተጽፎ የማዕበል ጨው ሲመታው ኖሯል።

ስለ ባሕር በር ብዙ እንነጋገራለን። ሶዶ ላይ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የማይነሳበት ሳምንት የለም። ወደቡ የማን ነበር፣ እንዴት አጣነው፣ እንዴት ይመለሳል እንባባላለን። በመርከቡ ላይ ስለ ሠራው ሰው ግን እምብዛም አናወራም። ገመድ የጎተተው፣ በሞተር ክፍል ሙቀት የተቃጠለው፣ በታኅሣሥ ብርድ የሐምቡርግ ወደብ ላይ ጣቱ የደነዘዘው ኢትዮጵያዊ በታሪካችን ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው የእሱን ውሎ ነው።

የንግድ መርከብ ድርጅቱ በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም. በሦስት መርከቦች ሥራ ጀመረ። ሁለቱ ደረቅ ጭነት የሚጭኑ ሲሆኑ ሦስተኛው ነዳጅ ጫኝ ነበር። ከቀዳሚዎቹ መካከል «ንግሥተ ሳባ» እና «የይሁዳ አንበሳ» ይገኙበታል። የባሕር ሙያ በአገሩ ላይ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ተቋቁሞ፣ ኖርዌጂያውያን መኮንኖች ወጣቶችን ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። የሰሜን አውሮፓ የባሕር ልማድ ወደ እኛ የመጣው መርከቦቻችን ወደዚያ ከመሄዳቸው በፊት ነው ማለት ነው።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. «ፌርላንድ» የተባለች የአሜሪካ መርከብ ሮተርዳምና ብሬመን ደርሳ በክሬን የብረት ሣጥኖች አወረደች። ኮንቴይነር ወደ አውሮፓ የገባው በዚህ ነው። የእኛ መርከበኞች ሥራውን የተማሩት እንግዲህ ጭነት ሁሉ በጆንያ፣ በበርሜልና በእንጨት ሣጥን በሚጓዝበት ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። አሮጌውን ሙያ ገና አስተካክለው ሳይዙት አዲሱ ከፊታቸው ቆሞ ጠበቃቸው።

ሌላም ፈተና ነበር። ሥራ በጀመሩ በዓመቱ፣ በግንቦት መጨረሻ 1959 ዓ.ም.፣ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ፈነዳና የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። እስከ ግንቦት 28 ቀን 1967 ዓ.ም. አልተከፈተም። ለስምንት ዓመታት ከአሰብ ወይም ከምጽዋ ተነስቶ ሮተርዳም መድረስ የፈለገ መርከብ በባብ ኤል መንደብ ወጥቶ፣ የአፍሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ቁልቁል ሄዶ፣ ደቡብ አፍሪካን በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል ዞሮ፣ በምዕራብ በኩል እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት ነበረበት። በስዊዝ በኩል ሁለት ሳምንት የማይሞላው መንገድ ከእጥፍ በላይ ረዘመ። ነዳጁም፣ ምግቡም፣ ከቤት የመለያው ጊዜም በዚያው ልክ ጨመረ። ቀይ ባሕርን ደጄ ብሎ የተቀጠረ ሰው የኬፕን ማዕበል በእግረ መንገዱ ተማረ።

ከምንም በላይ የሚያስገርመኝ የቡናው ጥበቃ ነው። ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚሄደው ዋናው ጭነታችን ቡና ነበር፤ ከእሱ ጋር ቆዳና ሌጦ፣ የቅባት እህልና ጥራጥሬ ይጫናል። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ በወደብ ሠራተኛ ትከሻና በክሬን መረብ ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከተጫነ በኋላ ነው። ቡና ሲታይ ደረቅ ይምሰል እንጂ በውስጡ እርጥበት አለው። መርከቡ ከቀይ ባሕር ሙቀት ተነስቶ የሰሜን ባሕር ብርድ ውስጥ ሲገባ የመርከቡ ብረት ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ከቡናው የሚወጣው ሙቅ አየር ብረቱን ሲነካ ውኃ ይሆንና ከጣሪያው ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሌሊት በቸልታ ካለፈ ጆንያው ይሻግታል፤ ሐምቡርግ ላይ መርማሪው ሹል መውጊያውን ሰክቶ ናሙና ሲያወጣ ሽታው ያጋልጣል።

ስለዚህ መርከበኛው ገና ሳይጫን የብረቱን ወለልና ግድግዳ በእንጨትና በወፍራም ወረቀት ይለብጣል፤ ጆንያው ብረት እንዳይነካ። በጆንያዎቹ መሐል አየር የሚያልፍበት መንገድ ይተዋል። ጉዞ ላይ ደግሞ የውጭውን አየርና የሆዱን አየር ሙቀትና እርጥበት በየፈረቃው እየለካ ይመዘግባል። የውጭው አየር ደረቅ ከሆነ ማናፈሻው ይከፈታል፤ ማዕበል ወይም ጭጋግ ሲመጣ ይዘጋል፤ ሲያልፍ እንደገና ይከፈታል። ቦሎሶ ሶሬ ወይም ኪንዶ ኮይሻ ጓሮ ውስጥ ቡና የለቀመች እናት እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የደከመችበትን ቡና ከሻጋታ ያዳነ ግን ከእንቅልፉ ተነስቶ ማናፈሻ የዘጋ መርከበኛ ነው።

መርከብ ላይ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይከፈላል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ። በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛው መኮንን ከቀኑ 6 እስከ 10፣ ደግሞም ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ይቆማል። ዋናው መኮንን ከ10 እስከ 2፣ ሦስተኛው ከ2 እስከ 6። አጠገባቸው መሪ የሚይዝና አካባቢውን የሚቃኝ መርከበኛ አለ። ስምንቱ ሰዓት ዕረፍት ይባላል እንጂ ሁሉም እንቅልፍ አይደለም፤ ዝገት መፋቅ፣ ቀለም መቀባት፣ ገመድ መጠገን፣ የእሳት አደጋ ልምምድ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ዝገት ፈጽሞ አያልቅም። የመርከበኞቹ አለቃ ቦሰኑ ሰዎቹን ይዞ ከፊት ጀምሮ እየፋቀና እየቀባ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሲጨርስ ፊቱ እንደገና ዝጎ ይጠብቀዋል።

ከታች ሌላ ዓለም አለ። ዋናው ሞተር የሦስት ፎቅ ቤት ቁመት አለው። የሚቃጠለው ጥቁር ነዳጅ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ከመቶ ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርበታል፤ ቆሻሻውንም በፍጥነት የሚሽከረከር ማጣሪያ ይለየዋል። ያን ማጣሪያ ፈትቶ ዝቃጩን በእጅ ማጽዳት የጀማሪው ዕጣ ነው። የሞተሩን ቅባት የሚከታተለው ኦይለር በየጊዜው እየዞረ ተሸካሚዎቹን ይዳስሳል፣ የዘይቱን ግፊት ያነባል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ልምድ ያለው ሰው ጆሮው ተሸፍኖም ቢሆን የድምፁን ለውጥ በእግሩ መዳፍ ያውቃል። ላይ በረዶ እየወረደ ታች ሰው በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ወጥቶ በእርጥብ ቱታ መርከቡ ጣሪያ ላይ ነፋስ መቀበል ሳንባ ያስይዛል ይባላል፤ ነባሮቹ ጀማሪውን መጀመሪያ የሚያስጠነቅቁት ይህን ነው።

ወደ ሐምቡርግ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከተማዋ በባሕር ዳርቻ ላይ አይደለችም፤ ከኤልበ ወንዝ አፍ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ትገኛለች። መርከቡን በወንዙ ላይ የሚመራው ፓይለት በትንሽ ጀልባ መጥቶ በገመድ መሰላል ይወጣል፤ ካፒቴኑም ሆነ መሪ የያዘው ሰው ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ከቦታቸው አይነቃነቁም። ውኃው ከባሕሩ ጋር ስለሚሞላና ስለሚጎድል የመግቢያው ሰዓት የሚቆረጠው በእሱ ነው። ወደ ባልቲክ የሚያልፍ መርከብ ደግሞ 98 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የኪል ቦይ በዝግታ ያቋርጣል፤ ዳርና ዳር ላም የሚጋጥበት መስክ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ትጠልቃለች። ከ10 እስከ 2 የሚቆመው ሰው ሳምንቱን ሙሉ በፈረቃው ላይ ፀሐይ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል። ገመዱ በውኃ ርሶ ይቀዘቅዝና ድርቅ ብሎ አልታጠፍ ይላል፤ ጓንት ያወለቀ ሰው ቆዳው ብረት ላይ ይቀራል።

በዚህ መንገድ ላይ ልንረሳው የማይገባ አንድ ቦታ አለ። ከሐምቡርግ ዝቅ ብሎ ቬደል በምትባል ከተማ፣ ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በወንዙ ዳር የሚያልፉ መርከቦችን የሚቀበል ጣቢያ ቆሟል። ትልቅ መርከብ ሲመጣ ባንዲራ ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ መርከቡ የሚያውለበልበውን ሰንደቅ አይቶም የዚያን አገር ብሔራዊ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ያሰማል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰቅሎ ኤልበን የወጣ መርከብ የሚቀበለው የኢትዮጵያ መዝሙር ነው። ኢትዮጵያ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መዝሙሯን ሁለት ጊዜ ስለለወጠች የሚሰማው ዜማ እንደ ዘመኑ ይለያያል። ከምጽዋ ወይም ከአሰብ ተነስቶ የሳምንታት ማዕበል አልፎ የመጣ መርከበኛ በዚያ ቅዝቃዜ፣ ገመዱን ጨብጦ መርከቡን ለማሰር ተዘጋጅቶ ቆሞ፣ የአገሩን ዜማ ከባዕድ ወንዝ ዳር ሲሰማ ምን እንደተሰማው ጠይቀን ብንጽፈው ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

የዚያ ዘመን መርከብ ወደብ ላይ ብዙ ቀን ይቆማል። ጆንያ እየተቆጠረ እስኪወርድ፣ ማሽነሪውና ማዳበሪያው እስኪጫን ሳምንት ቢሞላ አይደንቅም። መርከበኛው ከተማ ይወርዳል፤ ኮት ይገዛል፤ ከወኪሉ ቢሮ ደብዳቤ ይቀበላል። ባሕር ላይ ሳለ ከቤት የሚያገናኘው የሬዲዮ ባለሙያው ነበር፤ በሞርስ እየመታ ቴሌግራም በባሕር ዳርቻ ወዳለ ጣቢያ ይልካል። ሳተላይት መጥቶ ያ ሙያ በ1991 ዓ.ም. ከዓለም መርከቦች ላይ በይፋ ተሰናበተ። ከወጥ ቤቱ በላይ ደግሞ የመርከብን ሰላም የሚጠብቅ ክፍል የለም። ምግቡ ከከፋ ሰው ለፍልሚያ ይፈላለጋል፤ ጥሩ አብሳይ ያለው መርከብ ግን ማዕበሉንም በቀላሉ ያልፋል። የወላይታ ልጅ በመስከረም የዘመን መለወጫውን ጊፋታን ሲያስብ፣ ሙቹዋውና የዳታ በርበሬው ሲናፍቀው፣ የሚጽናናው በዚያ ጠባብ ገበታ ዙሪያ ነው።

ወላይታ ከሰሜን አውሮፓ ጋር የተገናኘው በቡና ብቻም አይደለም። ከሶዶና ከአካባቢው ተነስተው ወንጂ አገዳ ሊቆርጡ የወረዱት አባቶች የሠሩት ዋና ጽሕፈት ቤቱ አምስተርዳም ለነበረ ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዛሬም በሶዶ «ዋዱ» ተብሎ የሚታወሰው፣ ለገበሬው ያዳረሰው ማዳበሪያ በባሕር የመጣ ነበር። ኪንዶ ዲዳዬና ዳውሮ መካከል የቆመው፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ተርባይኖችም ከቻይና የመጡት በመርከብ ነው። ባሕሩን ሳናይ የኖርንበት ሕይወት በመርከበኛ ትከሻ ላይ ነው የመጣው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ። የባሕር ኃይሉ ፈረሰ፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ጭነታችን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። የመርከብ ድርጅቱ ግን አልፈረሰም። የባሕር አገልግሎቱና ደረቅ ወደቡ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ቻይና የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ተጨመሩ፤ ሰባቱ ለደረቅ ጭነት፣ ሁለቱ ለነዳጅ። ወደብ የሌለው አገር መርከበኛ ይዞ መቆየቱ፣ ለእኔ፣ ሊኮራበት የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ባሕር የሚሄደው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ወስዶ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያደርጋቸዋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያሉ ምሩቃን ያወጣል። የዳሞታን ተራራ እያየ ያደገ ልጅ በአውሮፓ መግቢያ ላይ የሚሠራው የመጀመሪያ ከባድ ሥራ ነዳጅ መቀየር ሊሆን ይችላል። ከታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ባሕርና በባልቲክ የሚቃጠል ነዳጅ ድኝ ከ0.10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ትኩሱ ጥቁር ነዳጅ ወጥቶ ቀዝቃዛው ናፍጣ ሲገባ ሙቀቱ በደቂቃ ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ቀስ ተብሎ ይመራል፤ ከተቻኮሉ ፓምፑ ይነክሳል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ መርከቡም በጠባብ ውኃ ውስጥ ያለ ኃይል ይቀራል። ሰዓቱ ተጽፎ ይያዛል፤ የወደብ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያነበዋል።

የዕረፍቱም ሰዓት ተጽፎ ይያዛል። ዓለም አቀፉ ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል። የወደቡ ቆይታ ግን አጥሯል፤ በሰዓታት ተራግፎ የሚሄድ ኮንቴይነር ጫኝ ሠራተኛውን ከተማ አያሳየውም። ዕድል የቀናው ሐምቡርግ ውስጥ በ1978 ዓ.ም. በተከፈተው ዱክዳልበን በሚባለው የመርከበኞች ክበብ ለጥቂት ሰዓት ተቀምጦ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል። እዚያ ሃይማኖቶች ሁሉ የሚጸልዩበት አንድ ክፍል አለ።

የ«ንግሥተ ሳባ» ዘመን መርከበኞች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ወደብና ቀን የተመዘገበበት የመርከበኛ ደብተራቸው በየሣጥኑ ውስጥ ይኖራል። በሶዶ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎች በዚህ ክረምት የድምፅ መቅጃ ይዘው ቢሄዱ የሚጠይቁት አያጡም። ስዊዝ ሲዘጋ ደመወዝ ስንት ነበር? በኬፕ በኩል ስትዞሩ ውኃ ከየት ሞላችሁ? ቡና ሻግቶባችሁ ያውቃል? ማንን ባሕር ላይ ቀበራችሁ? ቬደልን ስታልፉ ማን ማን ቆሞ ነበር?