የሚያየው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ፦ የኮሚቴ ቁጥጥርና ማኅበራዊ አገልግሎት በሀርጌሳዋ አያሃ

አያሃ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሀርጌሳ ዳርቻ ያለች፣ በቁጥር የተከፋፈለች የሰፈራ መንደር ናት። የነዋሪዎቿ ታሪክ ከከተማዋ ታሪክ አይለይም። በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት ሀርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲያፈራርስ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በጅግጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሃርት ሼክ መጠለያ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ወደ ከተማዋ የተመለሰው ስደተኛ ግን ያገኘው የፈረሰ ቤት ወይም ሌላ ሰው የያዘው ቦታ ነበር፤ ጭራሽ ቦታ ያልነበረውም ብዙ ነው። ከገጠር በድርቅ የተፈናቀለው ሲጨመርበት መሀል ከተማው በላስቲክና በጨርቅ ጎጆ ተሞላ። እነ አያሃ ይህን ሕዝብ ወደ ዳር አውጥቶ ለማስፈር የተመሠረቱ ናቸው። ቦታ ከመንግሥት ተገኘ፣ ቤትና የውኃ መስመር በአብዛኛው ከውጭ እርዳታ መጣ።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የመንግሥት ፊት ሆኖ የሚታየው የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የትኛው ቧንቧ እንደደረቀ ያውቃል። እርዳታ ሰጪ ድርጅት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እሱን ነው፤ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር የሚወጣውም ከእጁ ነው። ጥያቄው ይህ ኮሚቴ ከመመዝገብ አልፎ መቆጣጠር ይችላል ወይ ነው። የኔ መልስ ባብዛኛው አይችልም የሚል ነው፤ ምክንያቱም የአባላቱ ስንፍና ሳይሆን የሥልጣኑ አቀማመጥ ነው።

የሶማሌላንድ የክልሎችና የወረዳዎች ሕግ፣ በተለምዶ ሕግ ቁጥር 23 የሚባለው፣ ማኅበራዊ አገልግሎትን የማስተባበሩን ሥራ ለወረዳ ምክር ቤቶች ይሰጣል። የሀርጌሳ ምክር ቤት 25 አባላት አሉት፤ ከንቲባውን ከመካከላቸው የሚመርጡት እነሱው ናቸው። የመንደር ኮሚቴዎች ደግሞ በምክር ቤቱ የሚሰየሙ እንጂ በምሥጢር ድምፅ የሚመረጡ አይደሉም። እዚህ ላይ አንድ ብዙም የማይነሣ ነገር አለ። 25ቱ የሚመረጡት ወረዳው ሁሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ተቆጥሮ ነው፤ ሰፈር የራሱ ተወካይ የለውም። ድምፅ የሚሰበሰበው በፓርቲና በጎሣ መረብ ነው። አያሃ ግን ከየቦታው የተሰባሰበ፣ ከፊሉም በከተማዋ ውስጥ ብዙ ዘመድ የሌለው ሕዝብ የሰፈረባት መንደር ናት። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል በአያሃ ክሊኒክ መድኃኒት ስለጠፋ ወንበሩን የሚያጣበት መንገድ እምብዛም አይታይም።

ገንዘቡ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በ2008 የተጀመረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የአካባቢ አስተዳደር የጋራ ፕሮግራም ወረዳዎች የልማት ዕቅድ እንዲያወጡ፣ ከአካባቢ ልማት ፈንድም ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ እንዲሠሩ አድርጓል። ገንዘብ በምክር ቤቱ ሒሳብ ሲያልፍ ቢያንስ ጨረታውን የሚያይ፣ ሰነዱን የሚጠይቅ አካል ይኖራል። በአንጻሩ ዓለም አቀፍ ድርጅት በቀጥታ ከአካባቢ አጋሩ ጋር ተዋውሎ ሥልጠና ወይም የገንዘብ ድጎማ ሲያካሂድ የሰፈሩ ኮሚቴ የሚያውቀው ስም ዝርዝሩን ብቻ ነው፤ በጀቱ ስንት እንደነበር አይነገረውም። ስም አቅራቢ ወገን ደግሞ ሁልጊዜ ይጠረጠራል። በሞቃዲሾ የመጠለያ አለቆች ከተፈናቃዩ እርዳታ ድርሻ እንደሚቆርጡ የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ባወጣው ዘገባ በሰፊው ዘግቧል። ሀርጌሳ ሞቃዲሾ አይደለችም፤ መሬቱም አስተዳደሩም ይለያል። ነገር ግን ዝርዝር የማውጣት ሥልጣን ያለ በጀት መረጃ ሲሰጥ ወደዚያው የሚወስድ መንገድ ክፍት ይሆናል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2016 የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ሀርጌሳን የምትጎራበተዋን ጅግጅጋን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲተገበር 300 ሚሊዮን ዶላሩን የዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑን መንግሥት አቅርበዋል። 604 ሺህ ያህል ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ፣ መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ተመደበ። የተጠቃሚዎችን ልየታ ያካሄዱት የሰፈር ኮሚቴዎች ናቸው፤ በብዙ ቦታ የእድር ሰዎችና የሃይማኖት አባቶች ገብተውባቸዋል። ከልየታው የወደቀ ሰው የሚሄድበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በመመሪያው ላይ ተደንግጓል። እድር ገንዘብ የሚያወጣው ከአባላቱ ኪስ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ ያዡ በዓመቱ ስብሰባ ላብ ያጠምቀዋል። በልየታ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠው ያው የእድር ዳኛ ግን የሚያድለው የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ የሚጠይቀው ጎረቤት የለም። ቢጠየቅም «ኮታው ከላይ ነው የመጣው» ማለት ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ቅሬታ ሰሚው ከለያዮቹ ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሊቀመንበር ሥር ሲቀመጥ አቤቱታው ወደ መጣበት ይመለሳል።

ሁለቱን አገሮች የሚያገናኛቸው ሌላው ጉዳይ የምርጫው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያው የሶማሌላንድ የወረዳ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2002 ሲመረጥ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር፤ የተተካው በኅዳር 2012 ነው። ያ ደግሞ እስከ ግንቦት 2021 ድረስ ተቀመጠ። ኢትዮጵያም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በ2013 ካካሄደች በኋላ በ2018 ሊደረግ የነበረውን አራዝማለች። በ2021 አዲስ አበባ የከተማ ምክር ቤቷን መረጠች፤ ወረዳዎቹ ግን አልተመረጡም። የሰፈር ኮሚቴ የምክር ቤት ጥላ ነው፤ ምክር ቤቱ ሳይታደስ አሥር ዓመት ሲቀመጥ ኮሚቴውም ልማድና ወንበር ብቻ ይዞ ይቀራል።

የወጣቶች ጉዳይ በተለይ ሀርጌሳ ላይ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ወጣቶቹ ኮሚቴ እስኪጠራቸው አልጠበቁም። የአፍሪካ ቀንድ የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ኮሚቴ፣ ሃቮዮኮ፣ በ1992፣ ከተማዋ ገና ፍርስራሽ ሳለች ተመሠረተ፤ ከጊዜ በኋላ የሙያ ማሠልጠኛ እስከ ማስተዳደር ደረሰ። ማለትም ኮሚቴ ብሎ የተነሣ የወጣት ስብስብ ራሱ አገልግሎት ሰጪ ሆነ። በ2003 ደግሞ የወጣት ማኅበራት ጥላ የሆነው ሶንዮ ተቋቋመ። ወጣቶቹ ከታገሉላቸው ጉዳዮች አንዱ ለወረዳ ምክር ቤት የመወዳደሪያ ዕድሜ ነበር፤ ሕጉ ከ35 ወደ 25 ዝቅ አለና በ2012ቱ ምርጫ ወጣት ተመራጮች ወደ ምክር ቤቶች ገቡ። ይህ በእኔ ግምት ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ጥናት የበለጠ የወጣት ፕሮግራም ነው። ይሁንና በ25 ዓመቱ የተመረጠው ወጣት በ2021 ወንበሩን ሲለቅ ዕድሜው ወደ 34 ተጠግቶ ነበር፤ ከኋላው ያደጉት ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ ቆሙ። የሴቶቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በ2021 በመላው ሶማሌላንድ ከተመረጡት 220 የወረዳ ምክር ቤት አባላት ሴቶቹ 3 ብቻ ናቸው። የአያሃ የውኃና የክሊኒክ ጉዳይ በዋነኛነት የሚነካው ሴቶችን መሆኑ ሲታሰብ የተቆጣጣሪው አካል ቅንብር ከሥራው ጋር አለመጣጣሙ ግልጽ ነው።

ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። በ2017 ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመደበ፤ ወጣቶቹ ተደራጅተው በብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል እንዲበደሩ ታሰበ። የገንዘቡ ብዛት ከሶማሌላንድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን የሚያደራጀው፣ የሚመለምለውና አፈጻጸሙን የሚገመግመው ያው የወረዳው መዋቅር ነበር፤ ወጣቱ የተቀመጠው በተበዳሪነት ነው። ሀርጌሳ ላይ ገንዘብ የሌለው ወጣት ወንበር ሲያገኝ፣ እዚህ ገንዘብ የቀረበለት ወጣት ከወንበሩ ራቀ።

ከዚህ በመነሣት ለአያሃ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ያስፈልጋል የሚለውን የተለመደ ምክር አልደግፍም፤ ሰፈሩ ኮሚቴ አላጣም። የሚጠቅመው የሀርጌሳ ምክር ቤት በሰፈሩ ለሚንቀሳቀስ ድርጅት ሁሉ ፈቃድ ሲሰጥ የፕሮጀክቱ በጀትና የተጠቃሚዎች መመዘኛ በሶማሊኛ ተጽፎ በመንደሩ እንዲለጠፍ ግዴታ ማድረጉ ነው። ስም የሚያወጡትና አቤቱታ የሚሰሙትም በፍጹም አንድ ሰዎች መሆን የለባቸውም፤ አቤቱታው በቀጥታ ለምክር ቤቱ ይድረስ። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕግ ወይም ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የምክር ቤቱ ውሳኔ ይበቃል። ድርጅቶቹ ሊቃወሙ ይችላሉ፤ በጀት በአደባባይ መለጠፍ ግጭት ያስነሣል ይላሉ። ክርክሩ ተራ አይደለም፤ በጎሣ ሚዛን ላይ በቆመ ከተማ ቁጥር ቁጣ ያስነሣል። ግን ዛሬም ቁጥሩ በወሬ ይዞራል፤ በወሬ የሚዞረው ደግሞ ከትክክለኛው መብለጡ አይቀርም፤ ጥርጣሬውም የሚያርፈው ገንዘቡን አይቶ በማያውቀው የሰፈር ኮሚቴ ላይ ነው።