ፖሊስ ሲሞት ማን ያለቅሳል?

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜይ 13 ቀን 1833 ለንደን ውስጥ ኮልድባዝ ፊልድስ በተባለ ሜዳ የሠራተኞች ማኅበር አባላት የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ተሰበሰቡ። መንግሥት ስብሰባውን አስቀድሞ ከልክሎ ስለነበር ፖሊሶች ዱላቸውን ይዘው ገቡና ሕዝቡን ይደበድቡ ጀመር። በግርግሩ መካከል ሮበርት ከሊ የተባለ ፖሊስ በስለት ተወግቶ ሞተ። እንደ አገሩ ልማድ የአሟሟቱን ምክንያት የሚመረምሩ ፈራጆች ከአካባቢው ነዋሪዎች ተመረጡ። እነዚህ ተራ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ምስክሮችን ሰምተው ሲያበቁ የሰጡት ፍርድ ግን ባለ ሥልጣኖቹን ሁሉ አስደነገጠ፤ ግድያው ተገቢ ነው አሉ። ሕዝቡ እንዲበተን የሚያዝ አዋጅ አልተነበበም፣ ፖሊሶቹም ያደረጉት ጭካኔ ነው የሚል ምክንያት ሰጡ። ፍርዱ በኋላ በበላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። ይሁን እንጂ የለንደን ሕዝብ ፈራጆቹን እንደ ጀግና ተቀበላቸው፤ ሜዳሊያ ተቀረጸላቸው፣ ግብዣም ተደረገላቸው። ለሟቹ ፖሊስ የወጣ አደባባያዊ እንባ አልነበረም።

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ ሲገደል የአበባው ክምር፣ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ዝቅ ብሎ የሚውለበለበው ባንዲራ ለተመልካች ከጥንት የነበረ ልማድ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ይህ ለቅሶ በአንድ መቶ ሰማንያ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ የተገነባ ነው።

በ1833 የለንደን ፖሊስ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ሮበርት ፒል በ1829 ሲያቋቁመው ብዙ ሰው ያየው እንደ መንግሥት ሰላይ፣ እንደ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነው። የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች የድሮውን የአራዳ ዘበኛ ሲያነሡ ፍርሃትና ቀልድ ቀላቅለው እንደሚያወሩት ማለት ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲሞት የሕዝቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ሞተ?» ሳይሆን «የማን ሰው ነበር?» ነው። የመንግሥት ሰው ከሆነ መንግሥት ያልቅስለት፤ የሠፈሩ ሰው ከሆነ ግን ሠፈሩ ይወጣል።

ሠፈሩ በእርግጥ የወጣው በ1909 ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን ቶተንሃም በተባለው የሰሜን ለንደን ክፍል ከላትቪያ የመጡ ሁለት ስደተኛ አብዮተኞች የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ደመወዝ ዘረፉ። ፖሊሶችና የሠፈሩ ሰዎች በእግር፣ በብስክሌት፣ በትራም ሳይቀር ሁለት ሰዓት ያህል አሳደዷቸው። ዊልያም ታይለር የተባለ ፖሊስና ራልፍ ጆስሊን የተባለ የ10 ዓመት ልጅ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ከስድስት ቀን በኋላ ሁለቱ በአንድ ሥነ ሥርዓት ሲቀበሩ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞላው። ፖሊሱና የሠፈሩ ሕፃን በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ማለፋቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰውዬው «የማን ሰው ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የልጁ ሣጥን መለሰው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ለፖሊሶች ጀብዱ የሚሰጥ የንጉሥ ሜዳሊያ ተደነገገ። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሃውንድስዲች በተባለው የለንደን ክፍል ሦስት ፖሊሶች በአንድ ሌሊት ሲገደሉ ደግሞ የመታሰቢያ ጸሎቱ የተደረገው በታላቁ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነበር።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። የሁለቱም ወንጀል ፈጻሚዎች ከሩሲያ ግዛት የመጡ ስደተኞች ስለነበሩ ለቅሶው ከመቃብሩ አልፎ ወደ ምሥራቅ ለንደን ስደተኞች በር ሄደ። ጋዜጦች በድሆቹ የአይሁድ ስደተኞች ላይ ዘመቱ፤ በር ይዘጋ የሚለውም ድምፅ በረታ። ሙሾ ሲወርድ የሟች ስም ብቻ አይጠራም፤ የገዳይም ወገን ይጠራል። በሰው አገር የሚኖር ሰው ይህን ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። የወንጀል ዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚጸልየው ገዳዩ የአገሬ ልጅ አይሁን ብሎ ነው።

ኦገስት 12 ቀን 1966 በምዕራብ ለንደን ሦስት መሣሪያ ያልያዙ ፖሊሶች ጎዳና ላይ ተገደሉ። የሞት ቅጣት የታገደው ከጥቂት ወራት በፊት ስለነበር «ስቅላት ይመለስ» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ሐዘን የቀረው ቁም ነገር ሌላ ነው። የመዝናኛ ሠፈሮች ባለቤት የነበሩት ቢሊ በትሊን 250,000 ፓውንድ ሰጥተው በሥራ ላይ የሞቱ ፖሊሶችን ቤተሰብ የሚረዳ ድርጅት እንዲቋቋም መሠረት ጣሉ። እኛ ለእድር ስናዋጣ ሞት ሳይመጣ ነው። እንግሊዞቹ ሦስት ሬሳ ፊታቸው እስኪቀርብ ጠበቁ።

የዛሬው ለቅሶ መልኩን የያዘው ግን በ1984 ነው። ኤፕሪል 17 ቀን ጠዋት ሴንት ጄምስ አደባባይ በሚገኘው የሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት የቃዛፊ ተቃዋሚ የሆኑ ስደተኛ ሊቢያውያን ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። በዋዜማው ትሪፖሊ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በአደባባይ ተሰቅለው ነበር። አብዛኞቹ ሰልፈኞች ፊታቸውን ሸፍነው ነበር፤ ምክንያቱን ለአፍሪካ ቀንድ ስደተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ፎቶግራፍ የሚያነሣ አለ፣ አገር ቤት ደግሞ እናትና ወንድም አሉ። ሰልፉን እንዲጠብቁ ከተመደቡት ፖሊሶች መካከል የ25 ዓመቷ ኢቮን ፍሌቸር ነበረች። ቁመቷ ለሴት ፖሊሶች ከተወሰነው ልክ ያንስ ስለነበር ያመለከተችባቸው የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አልቀበልም ካሏት በኋላ በ1977 የለንደን ፖሊስ ተቀብሏት ነበር። በዚያን ዕለት ጀርባዋን ለኤምባሲው፣ ፊቷን ለሰልፈኞቹ ሰጥታ ቆማለች። ከአራት ሰዓት ጥቂት አልፎ ከኤምባሲው አንደኛ ፎቅ መስኮት ተኩስ ተከፈተ። አሥራ አንድ ሰልፈኞች ቆሰሉ፤ እሷ ሆስፒታል ገብታ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ጥይቱ የተላከው ለስደተኞቹ ነበር።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን የፈጀ ከበባ ተከተለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቴሌቪዥን የሚያሳየው አንድ ነገር ነበር፤ የፍሌቸር ባርኔጣና የባልደረቦቿ ቆቦች ባዶው አደባባይ አስፋልት ላይ ወድቀው። ባርኔጣዋ ከአደባባዩ ተነሥታ በቀብሯ ዕለት ከሬሳ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች። በአገራችን የቆየ ልማድ ጦረኛ ሲሞት ለቅሶ ላይ ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን እንደ ተሸከመ ይሳባል፤ ጋሻውና ጦሩም ይወጣል። አልቃሽ የሬሳውን ፊት ሳይሆን ባዶውን ኮርቻ እያየች ነው የምታወርደው። የዚያች ባርኔጣ ኃይል ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ምንም የማያውቅ ሰው ባርኔጣዋን ሲያይ ልጅ መሞቷን ተረዳ።

ሕጉ ግን ሌላ ይል ነበር። በ1961 የቪየና ስምምነት መሠረት ኤምባሲ አይደፈርም፣ ዲፕሎማትም አይታሰርም። ሊቢያ በበኩሏ ትሪፖሊ የሚገኘውን የእንግሊዝ ኤምባሲ በሰው አስከብባ ነበር። (የቃዛፊ መንግሥት በ1981 ከደርግና ከደቡብ የመን ጋር ኤደን ላይ የወዳጅነት ውል የተፈራረመ እንደ ነበር የአካባቢያችን አንባቢ ያስታውሳል።) እንግሊዝ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ በኤምባሲው ውስጥ የነበሩትም ሁሉ ተፈትሸውና ተጠይቀው አገር እንዲለቁ ተፈቀደ። የወጡት ኤፕሪል 27 ቀን ነው። በዚያው ቀን ሶልስበሪ ካቴድራል ውስጥ የፍሌቸር የቀብር ጸሎት ይደረግ ነበር። ሟችም ገዳይም በአንድ ቀን ተሸኙ። ከዚያ ወዲያ የተደረገው መታሰቢያ ሁሉ፣ የተተከለው ድንጋይም የተነበበው ንግግርም፣ የዚህን ቀን እፍረት ለመሸፈን የተደረገ ይመስላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድንጋዩ ሐሳብ የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። ማይክል ዊነር በ1974 «ዴዝ ዊሽ» የተባለውን፣ አንድ ሰው ፖሊስን ትቶ በገዛ ሽጉጡ ቂሙን የሚወጣበትን ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ነበር። ይኸው ሰው ለ«ታይምስ» ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ወታደር ሐውልት ሲኖረው ፖሊስ ለምን አይኖረውም ሲል ጠየቀ። ከሕዝብ ገንዘብ ጎረፈለት፤ በሜይ 1984ም የፖሊስ መታሰቢያ ድርጅትን አቋቋመ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች በተገኙበት በአደባባዩ የቆመችውን ትንሽ ድንጋይ መርቀው ገለጡ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ የፖሊሷ ስም፣ ቀኑና እዚህ መውደቋ። «ወደቀች» የሚለው ቃል በአማርኛ ትንሽ ያስቸግራል። እኛ «ተሰዋች» ብንል ሞቷ በፈቃድ የተከፈለ መሥዋዕት ይሆናል፤ «ተገደለች» ብንል ገዳይ ይፈለጋል። የእንግሊዞቹ ቃል ሁለቱንም ሳይል ያልፋል።

በዚያው ዓመት ለቅሶው ለሁለት ተከፈለ። ኦክቶበር 5 ቀን 1985 ቶተንሃም ውስጥ ሲንቲያ ጃሬት የተባሉ ጥቁር እናት ፖሊሶች ቤታቸውን ሲፈትሹ ወድቀው ሞቱ። በማግሥቱ ብሮድዋተር ፋርም በተባለው መኖሪያ ሠፈር ሁከት ተነሣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጠብቅ የነበረው ኪት ብሌክሎክ የተባለ ፖሊስ በስለት ተጨፍጭፎ ተገደለ። አገሩ ሁሉ ለብሌክሎክ አለቀሰ፤ እንዲህ ያለ አሟሟት በእርግጥ ያስለቅሳል። ለወይዘሮ ጃሬት ግን ያለቀሰው ሠፈራቸው ብቻ ነበር። በግድያው በ1987 የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች የፖሊስ የምርመራ ቃል በመነካካቱ በ1991 ነጻ ወጡ። እስከ ዛሬ ለብሌክሎክ ሞት ተጠያቂ ሆኖ የተፈረደበት የለም። ፖሊስን ማክበር የፖሊስን ጥፋት ከመሸፈን ጋር ሲዛመድ ጉዳቱ ለሟቹ ፖሊስም ተርፏል፤ ገዳዮቹ የጠፉት በጥድፊያ በተበላሸው ምርመራ ውስጥ ነው።

ዊነር የጀመረው ሥራ ኤፕሪል 26 ቀን 2005 ብሔራዊ መልክ ያዘ። በለንደን መካከል፣ ወደ ቤተ መንግሥት በሚወስደው ጎዳና ዳር ኖርማን ፎስተር የነደፉትን የፖሊሶች መታሰቢያ ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው ከፈቱ። በውስጡ የሟቾቹ ስም የተመዘገበበት መጽሐፍ በመስታወት ጀርባ ይታያል።

ማርች 22 ቀን 2017 በፓርላማው በር መሣሪያ ሳይዝ ይጠብቅ የነበረው የ48 ዓመቱ ኪት ፓልመር በቢላ ተወግቶ ሞተ። በቀብሩ ዋዜማ አስከሬኑ በፓርላማው ሕንፃ ውስጥ ባለው ጸሎት ቤት አደረ፤ ከእሱ በፊት በቅርብ ዘመን ይህ ክብር የተሰጠው ለታቸርና ለቶኒ ቤን ነበር። በማግሥቱ በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊሶች መንገድ ዳር ተሰልፈው ሸኙት፤ የጆርጅ ሜዳሊያም ከሞተ በኋላ ተሸለመ። በ2018 የአሟሟቱ ምርመራ ሲደረግ ግን የጥበቃው አደረጃጀት ጉድለት እንደ ነበረበት፣ መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች በቦታው ቢኖሩ ሊተርፍ ይችል እንደ ነበር ተገለጸ። እዚህ ላይ 1833 ይታወሳል። ያን ጊዜ ፖሊሱን ማንም አላከበረውም፣ ግን ፈራጆቹ መንግሥትን ጠየቁ። አሁን ክብሩ ሞልቷል፤ ጥያቄውን ግን ቤተሰቡ በጠበቃ ፍርድ ቤት ድረስ መሸከም ነበረበት።

የፍሌቸርም ጉዳይ በድንጋዩ አልተዘጋም። ሊቢያ በ1999 ኃላፊነቱን ተቀብላ ለቤተሰቧ ካሣ ከፈለች፤ በ2015 የተያዘው ተጠርጣሪ ግን በ2017 ክሱ ቀረ፤ ማስረጃው በመንግሥት ምስጢርነቱ ለፍርድ ቤት ሊቀርብ አይችልም ተባለ። ያን ጠዋት አጠገቧ የነበረው ባልደረባዋ ጆን መሪ፣ ገዳይሽን አገኛለሁ ብሎ ቃል የገባላት፣ ጉዳዩን ወደ ፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ወሰደው። የጠየቀው ካሣ አንድ ፓውንድ ነበር። በኖቬምበር 2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰውየው ለሞቷ ከሌሎች ጋር በአንድነት ተጠያቂ ነው ሲል ፈረደ። ተከሳሹ ግን በችሎቱ አልተገኘም፤ ያለው ሊቢያ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 2024 አርባኛ ዓመቷ ታስቦ በዚያችው ድንጋይ ፊት ጸሎት ተደረገ፤ በግድያው የተፈረደበት ሰው አሁንም አልነበረም።