አጋር የጤና ባለሙያ፦ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚጀምረው ሕክምና

ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «ሲስተር»። ለአብዛኛው የሆስፒታል ጉዳያችን እነዚህ ሁለት ስሞች በቅተውናል። አንድ ሰው ስትሮክ መትቶት፣ ከፎቅ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ወይም በስኳር ሕመም እግሩ ተቆርጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አይበቁም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መቆምን፣ መዋጥን፣ መናገርን፣ ልብስ መልበስን እንደገና የሚያለማምድ ባለሙያ ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች የወል መጠሪያ በእንግሊዝኛ «አላይድ ኸልዝ ፕሮፌሽናልስ» ነው። በአማርኛ አጋር የጤና ባለሙያዎች እንበላቸው።

ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የንግግርና የቋንቋ ባለሙያዋ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራውና የሚገጥመው፣ የሥነ ምግብ ባለሙያው፣ የእግር ጤና ባለሙያዋ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 14 ሙያዎችን ሲቆጥር፣ ሌሎች አገሮች የላቦራቶሪ ባለሙያዎችንም ይጨምራሉ። ሐኪምና ነርስ በአብዛኛው ለብቻቸው ነው የሚቆጠሩት። በብሪታንያ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እነዚህን ሙያዎች የሕክምና «ማሟያ» ብሎ ነበር የጠራቸው። አሜሪካ በ1966 ባወጣችው የሥልጠና ሕግ የተጠቀመችበት «አጋር» የሚለው ስም ግን እያሸነፈ ሄደ። እዚህ በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ አውራጃ በኢማም አብዱራህማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች የሚማሩበት ኮሌጅ በዐረብኛ «ዑሉም ጢቢያ ተጥቢቂያ» ይባላል፤ የተግባር ሕክምና ሳይንስ ማለት ነው።

ለአማርኛው «ተጓዳኝ» የሚለውን ቃል የሚመርጡ አሉ። ነገር ግን ሐኪሞቻችን ከዋናው በሽታ ጋር አብሮ የሚገኘውን ሌላ በሽታ «ተጓዳኝ ሕመም» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ባለሙያን በበሽታ ስም መጥራት አይመችም። «ረዳት» ከተባለ ደግሞ የድሮው የጤና ረዳት ይታሰባል፤ ሐኪሙ ያዘዘውን የሚያቀብል ሰውም ያስመስለዋል። አጋር የጤና ባለሙያ በሽተኛውን ራሱ ይመረምራል፣ የራሱን ዕቅድ ያወጣል፣ ለውጤቱም በራሱ የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። በሳዑዲ ፈቃዱን የሚሰጠው በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ነው፤ ሐኪሞቹም ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከዚያው ነው።

በዚህ ስም ሥር ካሉት ሙያዎች ከሁሉ ይበልጥ የለመድነው ፊዚዮቴራፒን ነው፤ በአፋችን «ፊዚዮ» ሆኗል። ከእሱ በፊት ወጌሻ ነበረን፣ አሁንም አለን። ጨዋታ ተቋርጦ ወደ ሜዳ ሮጦ የሚገባውን የቡድን ባለሙያ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን እስከ ዛሬ ወጌሻ ነው የሚሉት። ስሙ ያምራል፤ ለፊዚዮቴራፒስት ብናወርሰው ግን ጉዳት አለው። የመንደር ወጌሻ ስብራትን አጥብቆ ከማሰሩ የተነሣ ደም መዘዋወር አቁሞ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆችን የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ስም ሲጠሩ እናት ልጇን ወደየትኛው እንደምትወስድ ይምታታባታል።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ቃል በቃል «የሙያ ሕክምና» ቢባል ሰሚው ሥራ የሚያስቀጥር ቢሮ ይመስለዋል። እኔ የዕለት ተግባር ሕክምና ማለትን እመርጣለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቱ እንዲጠነክር፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ሲሠራ፣ የዕለት ተግባር ባለሙያዋ የምትጠይቀው በዚያ ጉልበት ሰውዬው ምን ሊያደርግበት እንደሚፈልግ ነው። ደማም ላለ አዛውንት መልሱ ውዱእ አድርጎ መስገድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድን፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ማስገጠምን፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ ማንሣትን ታቅዳለች። ጎንደር ላለች፣ ቀኝ እጇ ለደከመባት እናት ደግሞ ቡና ማፍላት ነው። ዝቅተኛው በርጩማ ከፍ ባለ መቀመጫ ይተካል፣ ጀበናው በግራ እጅ መነሣት ይለመዳል፣ ረከቦቱ ወደ ጤነኛው ጎን ይዞራል። በሁለቱም ቤቶች መዳን የሚለካው በሽተኛው ያጣውን የቤት ወግ መልሶ በመያዙ ነው።

አሁን ወደ አል መዝሩዒያ እንምጣ። በዚህ የደማም ሰፈርም ሆነ ኾበር ውስጥ በየቤቱ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት አለች፤ ከምታገለግላቸው ሰዎች አንዷ ብዙ ጊዜ «ማማ ከቢራ» ናቸው፣ የቤቱ አያት። ማማ ከቢራን ጀልጣ ሲመታቸው፣ እኛ ስትሮክ ወይም የአንጎል ምት የምንለው መሆኑ ነው፣ ሆስፒታል የሚቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጤና ሚኒስቴሩ የቤት ለቤት አገልግሎት ወይም ቤተሰቡ የቀጠረው የግል ፊዚዮቴራፒስት እየመጣ ያያቸዋል። ባለሙያው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ አሮጊቷን የምታነሣው፣ የምታገላብጠው፣ የምታበላው ይህችው ልጅ ናት። ብዙ ጊዜ ግን ማብራሪያው የሚሰጠው ለማዳም፣ ለቤቱ እመቤት፣ ነው፤ ልጅቱ ሻይ አቅርባ ወደ ኩሽና ትመለሳለች። ሕክምናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባለሙያው ትምህርቱን መስጠት ያለበት ለምታነሣዋ እጅ ነው። እሷም «አሳየኝ፣ እኔ ልሥራውና ተመልከተኝ» ማለት ትችላለች፤ ይህን ማለት ድፍረት አይደለም።

ማወቅ የሚገባት ነገር ብዙ አይደለም፣ ግን ክብደት አለው። የደከመውን እጅ ስቦ ማንሣት ትከሻውን ከቦታው ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሚያዘው ከወገብና ከትከሻ አጥንት ኋላ ነው። ልብስ ሲለበስ የደከመው ክንድ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ይከተላል። ምርኩዝ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። መተኛት የሚበዛበት ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉም ከስትሮኩ ባልተናነሰ ሊያሠቃይ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ከውዱእ በኋላ በእግሩ ጣቶች መካከል የሚቀረው እርጥበት መድረቅ አለበት፤ እግሩ ሕመም ላይሰማው ስለሚችል ቁስሉን የሚያይለት የሌላ ሰው ዓይን ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመዋጥ ነገር አለ። የንግግር ባለሙያዋ ንግግር ብቻ የምታክም ይመስለናል፤ ከስትሮክ በኋላ ግን የመጀመሪያ ሥራዋ ጉሮሮ ነው። ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል፣ ሊገድልም ይችላል። ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ ያዘለ የሚመስል ከሆነ ለባለሙያዋ መነገር አለበት። እስክትመጣ ድረስ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያስተኙ መቆየት ያስፈልጋል። ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ተብሎ በጀርባቸው እንደተኙ በማንኪያ ውኃ ማጠጣት ከርኅራኄ የሚመጣ፣ ግን አደገኛ ነገር ነው።

ርኅራኄን ካነሣሁ አይቀር፣ ከእኛም ከዐረቦቹም ባህል ጋር የሚጋጨውን ነገር ልናገር። የታመመ ሰው ስንወድ ከአልጋ አናወርደውም። «አንቺ አትነሺ፣ እኛ አለንልሽ» እንላለን፣ እናጎርሳለን፣ እንሸከማለን። አጋር የጤና ባለሙያ መጥቶ «ተዉአት፣ ራሷ ትልበስ» ሲል ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን አንጎል የጠፋበትን መንገድ የሚያገኘው በመደጋገም ነው፤ የደከመው እጅ ሥራ ካልተሰጠው እየተረሳ ይሄዳል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። አንድ ቁልፍ ለመቆለፍ 5 ደቂቃ የሚፈጅባትን እናት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከመቆለፍ ይከብዳል። ራስን መቻል የምንለው በዚያ ትዕግሥት ውስጥ ነው የሚበቅለው። ደግሞም ራስን መቻል ያለ ሰው መኖር ማለት አይደለም፤ ሰው የሚችለውን ሠርቶ በማይችለው መታገዝ ማለት ነው።

የምታነሣዋስ ወገብ? ከራሷ ክብደት የሚበልጥን ሰው ብቻዋን ስታነሣ ከርማ በዲስክ የምትሠቃይ የቤት ሠራተኛ ብርቅ አይደለችም። በሽተኛው በአንገቷ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ጉልበትን አጥፎ፣ አካልን አስጠግቶ፣ ከተቻለ በሁለት ሰው ወይም በማንሻ ቀበቶ ነው የሚሠራው። ባለሙያው በመጣ ቁጥር ይህን ማስተካከል ሥራው ነው፤ የእሷም ደኅንነት የሕክምናው ክፍል ነውና።

እሷ ራሷ ስትታመም ግን ሕጉ ይሳሳል። በግንባታ ወይም በፋብሪካ ለሚሠራ የውጭ አገር ሰው ቀጣሪው ከደመወዙ 2 በመቶ የሚሆን የሥራ ላይ አደጋ መዋጮ ለማኅበራዊ ዋስትናው ድርጅት፣ ሠራተኛው «ተእሚናት» ለሚለው፣ ይከፍላል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚያስፈልገው ሕክምናና ተሃድሶም በዚያ ይሸፈናል። የቤት ሠራተኛ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለችም። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን በጤና መድን ማስገባት ግዴታ የሆነውም ከ4 በላይ ሠራተኛ ላለው ቀጣሪ ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለበት ቤት ነገሩ በአብዛኛው በቀጣሪው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት፤ የሰውን እናት እያነሣች ወገቧ የተጎዳ ሴት ፊዚዮቴራፒ የማግኘት መብቷ ልመና መሆን አልነበረበትም።

ተጎድተው ወደ አገር የሚመለሱትን የሚጠብቃቸው ምንድን ነው? አገራችን ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ያሠለጥን የነበረው አንድ ላይ ሆነው ወደ ገጠር እንዲወርዱ ነው፤ የቡድን ሐሳቡ ከዚያ ጀምሮ አለን። ቸሻየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመናገሻ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን ሲያቆም ኖሯል። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲቋቋም ተሃድሶን ከስሙ ጋር አያይዞ ነው የተነሣው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባለውንም በየቤቱ ያካሂዳል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖም የዕለት ተግባር ሕክምናን በአገሪቱ በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ባሕር ዳርና ደሴ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራባቸው ማዕከላት አሏቸው። ባለሙያው ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው ተሃድሶ ሊጠቅመው ሲችል፣ በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ ያሉት የተሃድሶ ባለሙያዎች 10 አይሞሉም።

ባለሙያ እንዲህ ባነሰበት፣ ከደማም ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ለተጎዳው ሰው ትልቅ ስንቅ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ «ተቅሪር»፣ ማለትም የሕክምና ሪፖርት፣ መጠየቅ መብቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ለጎንደሩም ለአዲስ አበባው ባለሙያ ይነበባል። የሐኪሙ ምርመራ ብቻ ሳይሆን የፊዚዮቴራፒስቱ ማስታወሻም ይካተት፦ ስንት እርምጃ ይራመዳል፣ በምን ተደግፎ፣ የትኛው እንቅስቃሴ ተፈቅዶለታል፣ የትኛው ተከልክሏል። ብረት ከገባ ራጁ አብሮ ይምጣ። የልምምዱን ሥዕል ባለሙያው በወረቀት ካልሰጠ፣ ፈቃዱን ጠይቆ ልምምዱን በስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ ቪዲዮው ቋንቋ አይፈልግም፣ መንደር ላለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይታያል። ሆስፒታሉ ወረቀቱን ለመስጠት ካንገራገረ ሳዑዲ ውስጥ ሳሉ በ937 ወደ ጤና ሚኒስቴሩ መደወል ይቻላል።