ኮምፕረሰሩ ከታሸገ ወዲህ
የቤት ፍሪጅ መለዋወጫ ታሪክ ዋና መታጠፊያ፣ በእኔ ግምት፣ እ.ኤ.አ. 1927 ነው፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተርና ኮምፕረሰሩን በአንድ የብረት ሽፋን ውስጥ ያሸገበትን «ሞኒተር ቶፕ» የተባለ ፍሪጅ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበበት ዓመት። ቀደም ሲል በብዙዎቹ ፍሪጆች ሞተሩ ኮምፕረሰሩን ከውጭ በቺንጋ ነበር የሚያዞረው፤ ቺንጋው ሲላላ ይቀየራል፣ በዘንጉ ዙሪያ ጋዝ የሚያሾልከው ማሸጊያም እንዲሁ። ከታሸገ በኋላ ግን ውስጡ የተበላሸ ኮምፕረሰር በአብዛኛው እንዳለ ይተካል እንጂ ተፈትቶ አይጠገንም። ይህን ባለሙያውን ከሥራ ለማስወጣት የተሸረበ ሤራ የሚያደርጉት አሉ፤ አልስማማም። በዚያ ዘመን ለማቀዝቀዣ ጋዝነት ይሠራበት የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መርዛማ ነው፤ እንዳይሾልክ መከላከል ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። ደግሞም ጥገናው አልጠፋም፤ ውጭ ወደቀሩት ወደ ቴርሞስታቱ፣ ወደ ማስነሻ ሪሌውና ወደ በሩ ጎማ ዞረ።