ድሮ ቀመስ፦ ዛሬ ተሠርቶ የትናንት የሚመስለው ሙዚቃ

ሊዮን ብሪጅስ በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ ሳህን እያጠበ የሚኖር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 «ከሚንግ ሆም» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የሰማው ሁሉ ሳም ኩክን አነሣ። ሳም ኩክ የሞተው በ1964 ነው፤ ብሪጅስ የተወለደው በ1989። ልጁ ያልኖረበትን ዘመን ድምፅ ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ባንዱን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ በአሮጌ የመቅረጫ ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተጫወተ ነው ያስቀረጸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በውጭ ያሉ የሙዚቃ ጸሐፊዎች «ሬትሮ ሶል» የሚል ስም አላቸው። እኛ ጋ ስም ስለሌለው ወይ «የድሮ» ይባላል፣ ወይ «ትዝታ» ይባላል፤ ሁለቱም አይገልጹትም። ይህ ጽሑፍ ለሬትሮ «ድሮ ቀመስ» የሚል አቻ ያቀርባል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ችግሩ የጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ባስቀመጡባት የወሎዋ ቦሩ ሜዳ ዛሬ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፦ «አዲስ ነጠላ»፣ «ምርጥ የድሮ»፣ «ትዝታ»፣ «መንዙማ»፣ «መዝሙር»፣ «ፈረንጅ»። የብሪጅስን ዘፈን ከስልኬ አስተላለፍኩለትና አዲስ መሆኑን ነገርኩት። ትንሽ አዳመጠ። «ኧረ ጋሼ ይተዉ! ይሄማ የአባቴ ዘመን ነው» ብሎ «ምርጥ የድሮ» ውስጥ ከተተው፤ ከጥላሁን ገሠሠና ከማህሙድ አሕመድ ጎን። ቦታው አይደለም ብዬ ብከራከረውም «አብሽሩ፣ ማንም አይከሰንም» አለኝ። ጆሮው ትክክል ነው፤ የጎደለው ፎልደር ነው።

ስለ ሶልና አር ኤንድ ቢ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚለው ስም በ1949 ቢልቦርድ መጽሔት ላይ የወጣው፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሸክላዎች «የዘር ሸክላ» እያሉ መጥራት አሳፋሪ ስለሆነ በምትኩ ነው። ሶል ደግሞ ያንኑ ሪትም ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አዘማመር ጋር አጋብቶ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አደገ። «ሶል»ን «ነፍስ» ብሎ መተርጎም ከንቱ ድካም ነው፤ «የነፍስ ሙዚቃ» ሲባል ወሎ ውስጥ ሰው የሚያስበው መንዙማ ወይም መዝሙር ነው። ቃሉም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሶል ኤኮስ የሚባል ባንድ ነበረ። እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሬትሮን ግን መተርጎም ይቻላል፤ አስቸጋሪው ያሉት አማራጮች እያንዳንዳቸው ሌላ ነገር መሸከማቸው ነው። «የድሮ ዘፈን» ማለት በድሮ ዘመን የተዘፈነ ማለት ነው። «ትዝታ» ደግሞ ቅኝት ነው፤ የዘፈን ዓይነትም ነው፤ ስሜትም ነው። ቀድሞውንም ሦስት ሥራ ላለው ቃል አራተኛ መጨመር ግፍ ነው። ከዚያም በላይ ትዝታ የሚዘፈነው ለራቀ ሰው ወይም ላለፈ ጊዜ እንጂ ላለፈ የመቅረጫ መሣሪያ አይደለም። ሬትሮ «ወደ ኋላ» ማለት ነው ብሎ «ኋላ»ን ይዞ ቃል ለመሥራት የሚሞክር ደግሞ «ኋላ ቀር» ላይ ይወድቅና ዘፋኙን ይሰድባል።

«ቀመስ» ግን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከተማ ቀመስ ስንል ሙሉ ከተማ ያልሆነ፣ ነገር ግን የከተማ ነገር የነካውን ማለታችን ነው። ትምህርት ቀመስ፣ ቆላ ቀመስም እንዲሁ ናቸው። የቀመሰ ሰው የቀመሰውን አልሆነም፤ ጣዕሙን ግን ያውቃል። ድሮ ቀመስ አልበም እንግዲህ ድሮ ያልሆነ፣ የድሮን ጣዕም አውቆ የያዘ አልበም ነው። «አውቆ» የሚለው እዚህ ላይ ይሰመርበት። አያቱን የሚመስል ልጅ ሁሉ የአያቱን ኮት ለብሷል አይባልም።

አውቆ መሥራት ምን እንደሚመስል ለማየት ብሩክሊን ውስጥ የነበረውን የዳፕቶን ስቱዲዮ ማየት ነው። ኮምፒውተር መቶ ድምፅ ለየብቻ መቅዳት በሚችልበት ዘመን ጌብሪኤል ሮት የሚባለው የድምፅ ባለሙያ በባለ 8 መስመር ቴፕ ይቀዳ ነበር። መስመሩ ስምንት ብቻ ሲሆን ውሳኔው ሁሉ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ነፋሾቹ አንድ ላይ ይነፋሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢሳሳት ሦስቱም ይደግማሉ። የከበሮው ድምፅ የጊታሩ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ የጊታሩም የከበሮው ውስጥ። ዘመናዊ ስቱዲዮ ይህን እንደ ጉድለት አይቶ ያጠፋዋል፤ የድሮ ሸክላ ላይ ሙቀት ብለን የምንሰማው ግን አብዛኛው ይኸው መደባለቅ ነው። የቤቱ ዘፋኝ ሻሮን ጆንስ በሪከርስ ደሴት እስር ቤት ጠባቂ ሆና የሠራች ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያ አልበሟ በ2002 ሲወጣ አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። አጃቢዎቿ ዳፕ ኪንግስ ናቸው ከአራት ዓመት በኋላ ኤሚ ዋይንሃውስን «ባክ ቱ ብላክ» ላይ ያጀቡት። በዚያ አልበም ዋይንሃውስ በ2008 አምስት ግራሚ ስትወስድ ሬትሮ ሶል ከጥቂት አፍቃሪዎች ክበብ ወጥቶ ዓለም ያወቀው ነገር ሆነ። ሻሮን ጆንስ ያን ያህል ዝና ሳታገኝ በ2016 ሞተች። እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር ሚዛኔ ወደ ጆንስ ያዘነብላል፤ ዋይንሃውስ ድሮን ለግጥሟ ልብስ አደረገችው፣ ጆንስ ግን በውስጡ ነበረች።

አሁን ወደ አገራችን። ብሩክሊን ውስጥ በምርጫ የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በግድ የተሠራ ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ መንግሥት በሸክላ ላይ የያዘውን ብቸኛ መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት ባለ ብዙ መስመር መቅረጫ አልነበረውም። ባንዱ አንድ ላይ ተጫውቶ፣ ዘፋኙ አብሮ ዘፍኖ ያልቃል። ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎም ሊባኖስና ግሪክ። ዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ ጸጉሩን እንደ አሜሪካኖቹ ሠርቶ፣ ድምፁን እንደ ጄምስ ብራውን እያሻከረ በአማርኛ ዘፈነ። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ሶልን አገር ውስጥ አስገብቶት ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ያሠለጠኗቸው ነፋሾች ደግሞ ዝግጁ ሆነው ጠበቁት። ውጤቱ ሶል ነው፤ ግን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ የተቃኘ ሶል።

ከዚያ ተቆረጠ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሌሊቱ ጠፋ፤ ሌሊቱ ሲጠፋ ክበቡ፣ ክበቡ ሲዘጋ ባንዱ ተበተነ። ሸክላ በካሴት ተተካ። ቀስ በቀስም ስድስት ሰው የሚይዘውን የትንፋሽ መሣሪያ መስመር አንድ ኪቦርድ ወሰደው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር ሲቆፍር የነበረው ያንን የተቀበረ ድምፅ ነው።

ለእኔ የቃሉ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ መቆረጥ ላይ ነው። ድሮ ቀመስ የሚባል ነገር እንዲኖር መጀመሪያ አንድ ነገር መቋረጥ አለበት። ያልተቋረጠ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀመስም። ከደሴ ሰሜን ያለው አምባሰል ስሙን ለቅኝት ሰጥቷል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የባቲ ገበያም እንዲሁ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የሚሰማው ዜማ ዕድሜው የትየለሌ ነው፤ ሆኖም ሰምታ፣ ወርሳ፣ ጨምራበት የምትዘፍነው ነው እንጂ ከሙዚየም አውጥታ አቧራውን ያራገፈችው አይደለም። ቦሩ ሜዳ ሠርግ ላይ ማሲንቆ የሚመታ ሰውም ድሮ ቀመስ አይደለም፤ እሱ ያለው በዛሬ ውስጥ ነው። ባህላዊውን ሁሉ «ሬትሮ» የሚሉ የማስታወቂያ ጽሑፎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ሙት ዓመት እንደ ማክበር ይቆጠራል።

ታዲያ ከእኛ ወገን ድሮ ቀመስ የሆነው የትኛው ነው? በጣም የምወደው ምሳሌ ስቶክሆልም ውስጥ ይገኛል። የሶል ኤኮሱ ዘፋኝ ተሾመ ምትኩ በ1970 ከአገር ወጥቶ ኋላ ስዊድን ኖረ። እዚያ የተወለደችው ልጁ ኤሚሊያ በ1998 «ቢግ ቢግ ወርልድ» በተባለው ዘፈኗ ዓለም አቀፍ ዝና አገኘች። የዘመኑ ንጹሕ ፖፕ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ኤሚሊያ ምትኩ ብላ በአባቷ ስም «አይ ቢሎንግ ቱ ዩ» የተሰኘ አልበም አወጣች፤ ለስለስ ያለ፣ የድሮ ጃዝና ሶል ጣዕም ያለው፣ የመጠጥ ቤት ፒያኖ አጠገብ የሚዘፈን የሚመስል። አባትየው በዘመኑ ሶል ነበር፤ ልጅቷ ድሮ ቀመስ ሶል ናት። በቃሉና በ«የድሮ ዘፈን» መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ ቤተሰብ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ድንበር ላይ የሚቆሙም አሉ። ግርማ በየነ የዚያ ወርቃማ ዘመን አቀናባሪና ዘፋኝ ነበር። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ቆየ። በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛው ቁጥር ሆኖ የወጣው አልበሙ ላይ ያጀበው አካሌ ውቤ የተባለ የፓሪስ ባንድ ነው። አጃቢዎቹ የግርማን ዘመን ከሸክላ የተማሩ ፈረንሳውያን ናቸው። አልበሙ ድሮ ቀመስ ነው? ባንዱ አዎ፤ ሰውየው አይደለም። ግርማ የራሱን ነገር ካቆመበት ነው የቀጠለው። ሰውየው ሲገባ ባንዱ ለእሱ ቦታ ሲለቅ ይሰማል፤ አልበሙን ደጋግሜ እንድሰማው የሚያደርገኝም ይኸው ነው። ቦስተን ውስጥ ኢትዮ አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ዳኒ መኮንን ያቋቋመው ደቦ ባንድ ግን ያለ ጥርጥር ድሮ ቀመስ ነው።

የወልድያው አያሌው መስፍን ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር በ1970ዎቹ የሠራቸው ዘፈኖች በ2018 አሜሪካ ውስጥ እንደገና በሸክላ ታትመዋል። ዳግም ኅትመት ነው፤ የዘፈኖቹ ዕድሜ አልተለወጠም። ሱቅ ውስጥ አዲስ ሸክላ ስለሆነ ብቻ ድሮ ቀመስ የሚለው ካለ ተሳስቷል።

አቤል ተስፋዬንስ? ቶሮንቶ ውስጥ አያቱ በአማርኛ ያሳደጉት ዘ ዊኬንድ፣ አር ኤንድ ቢ ዘፋኝ ነው። «ብላይንዲንግ ላይትስ» በ2019 ሲወጣ የተሸከመው የ1980ዎቹን የሲንተሳይዘር ድምፅ ነበር። በ2022 «ዶውን ኤፍ ኤም» ላይ አልበሙን በሙሉ እንደ አንድ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ስርጭት አድርጎ ሠራው፤ ጂም ኬሪን አቅራቢ አደረገው፣ ኩዊንሲ ጆንስንም ታሪኩን አስወራው። ይህም ድሮ ቀመስ ነው፤ ድሮው ግን ሌላ ድሮ ነው። ስለዚህ ቃሉን የሚጠቀም ጸሐፊ የትኛውን ዘመን እንደ ቀመሰ ቢናገር ይመረጣል፦ «የ60ዎቹን ሶል የቀመሰ»፣ «የ80ዎቹን ሲንት የቀመሰ»። በነገራችን ላይ ኪቦርድ የነፋሾቻችንን እንጀራ የወሰደበት ዘመን ራሱ አሁን የሚናፈቅ ድሮ ሆኗል። የ1980ዎቹን የአዲስ አበባ ካሴት ድምፅ እየፈለጉ የሚቀምሱ ወጣቶች ቢመጡ አይግረማችሁ።

ሁሉም ድሮ ቀመስ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ብዙው ድምፁን ይዞ ጉዳዩን ይተዋል፤ ነፋሾቹ ይነፋሉ፣ ሰውየው ግን የሚለው የለውም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ባንድ ለመመሥረት የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ፣ የአለማየሁን ጩኸት ከመቅዳታችሁ በፊት የተሾመ ምትኩን «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» በደንብ ስሙት፤ ባንዱ የት ዝም እንደሚል ልብ በሉ። የቃሉን አጻጻፍ በተመለከተ፦ በሁለት ቃል ይጻፍ፣ እንደ ቅጽል ከስሙ ይቅደም፤ ድሮ ቀመስ አልበም፣ ድሮ ቀመስ ሶል፣ ድሮ ቀመስ ባንድ። የተሻለ ያለው ያምጣ፤ እስከዚያው በዚህ እንግባባ።