በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ ወላጁን ወይም ዘመዱን በአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ለማስገባት የተገደደ ቤተሰብ፣ በመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ማዕከላትን ማነጻጸር ይችላል። ከአውሮፓውያኑ 2008 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ማዕከል ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። መለኪያዎቹ የጤና ቁጥጥር ውጤት፣ የሠራተኞች ብዛትና የእንክብካቤ ጥራት ናቸው።

ሦስቱ ግን እኩል እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። የጥራት መለኪያው በአብዛኛው ማዕከሉ ስለ ራሱ በሚያቀርበው መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። ቁጥጥሩን የሚያካሂዱት በአካል የሚገኙ የየግዛቱ መርማሪዎች ሲሆኑ፣ የሠራተኞች ቁጥር የሚወሰደው ከደመወዝ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ የቁጥጥር ዘገባዎቹን ማንበብ፣ የቅዳሜና እሁድ የነርሶችን ብዛትና ሥራ የሚለቁትን መጠን መመልከት ይበጃል። ነርሶች በየጊዜው በሚቀያየሩበት ቤት፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ሁኔታቸውን አይቶ ሕመማቸውን የሚረዳላቸው ሰው ማግኘት ይቸገራሉ። በቀይ ክብ ውስጥ ያለ የእጅ ምልክት ደግሞ ማዕከሉ ከነዋሪዎች ጥቃት ጋር በተያያዘ ጥፋት እንደተገኘበት ያመለክታል።

የቁጥጥር ኮከብ የሚሰጠው በአንድ ግዛት ያሉ ማዕከላት እርስ በርስ ተነጻጽረው ነው። በመሆኑም የሜሪላንዱን 4 ኮከብ ከቨርጂኒያው ጋር ማመሳሰል አያስኬድም።

ሜዲኬር የሚሸፍነው ከሆስፒታል ቆይታ በኋላ የሚያስፈልግ የአጭር ጊዜ እንክብካቤን፣ ቢበዛ ለ100 ቀናት ነው። ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ነዋሪ ያለው ቤተሰብ ማዕከሉ ሜዲኬይድ ይቀበል እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።